ከምስል እስከ ብሎን፦ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ዕቅድ ከየት ይጀምራል?

የአከርካሪ አጥንትን በብሎንና በዘንግ ደግፎ የማቆም ቀዶ ሕክምና በአገራችን ብርቅ አገልግሎት መሆኑ እየቀረ መጥቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና መጀመሩ፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ቁጥር ማደጉ፣ እንዲሁም የሲቲ ስካን መሣሪያዎች ከመዲናዋ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎችም መተከላቸው ለዚህ መሠረት ጥለዋል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በሕክምና ተቋማት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታካሚውን የሲቲ ስካን ምስል በኮምፒውተር ላይ በሦስት አውታር አቀናብሮ፣ እያንዳንዱ ብሎን የሚገባበትን ቦታ፣ አቅጣጫ፣ ውፍረትና ርዝመት አስቀድሞ ለመወሰን የሚያግዝ ሶፍትዌር መጠቀም ይገባል ወይ? የሚገባ ከሆነስ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ «የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ?» በሚል የግዥ መልክ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የአንድ ሰንሰለት መካከለኛ ቀለበት እንጂ መነሻ አይደለም። ዕቅዱ የሚጀምረው ታካሚው በሲቲ ስካን መሣሪያው ላይ በሚተኛበት ሰዓት ነው፤ የሚጠናቀቀውም ብሎኑ በትክክለኛ ቦታው መግባቱ በምስል ሲረጋገጥ ነው። ከመነሻው የተበላሸ ምስል ውድ በሆነ ሶፍትዌር አይታከምም። በአንጻሩ በጥንቃቄ ተነሥቶ በአግባቡ የተቀመጠ ምስል በቀላል ኮምፒውተርም ቢሆን ብዙ ጥቅም ይሰጣል።

የሁለት ሚሊ ሜትር ጉዳይ

የአከርካሪ አጥንትን በብረት የማቅናት ዘመናዊ ታሪክ ረጅም አይደለም። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ፖል ሃሪንግተን በፖሊዮ ምክንያት አከርካሪያቸው የተጣመመ ሕፃናትን ለመርዳት የፈለሰፉትን ዘንግ ለሕክምናው ዓለም በጽሑፍ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት በፓሪስ ሬሞን ርዋ-ካሚይ ብሎንን በፔዲክል በኩል የማስገባት ዘዴን ሥራ ላይ አዋሉ። ዛሬ በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው ይኸው ዘዴ ነው።

ፔዲክል የአከርካሪን የፊተኛ አካል ከኋለኛው ክፍል ጋር የሚያገናኝ ጠባብ የአጥንት ድልድይ ነው። በአንድ ጎኑ ኅብለ ሰረሰር ወይም የነርቭ ሥሮች ያልፋሉ፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ዋና ዋና የደም ሥሮች ይገኛሉ። በወገብ የታችኛው ክፍል ድልድዩ ሰፊ ነው፤ በደረት መካከለኛ ክፍል ግን የብዙ ሰዎች ፔዲክል ስፋት እስከ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ይጠባል። ሐኪሙ ይህን ድልድይ በዐይኑ አያየውም፤ ከላይ ባለው አጥንት ቅርጽ፣ በእጁ ስሜትና በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ባለው የሲ-አርም ራጅ እየተመራ ብሎኑን ያስገባል።

የስሕተቱ መጠን በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ከታሰበለት አቅጣጫ በ3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከቦታው ይርቃል። ገርትዝባይንና ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡትና እስከ ዛሬ የብሎን አቀማመጥ የሚመዘንበት ደረጃ የሚቆጥረውም በየ2 ሚሊ ሜትሩ ነው። በተለምዶ ብሎኑ ከፔዲክሉ ግድግዳ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ቢወጣ ተቀባይነት እንዳለው ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ በሆነ ቁጥር በነርቭ ላይ የሚያስከትለው ሥጋት ይጨምራል። ለታካሚው ይህ ልዩነት በእግሩ ቆሞ በመሄድና ባለመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ሥራ

የመጀመሪያው የሲቲ ስካን የታካሚ ምስል የተነሣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ፣ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ ነበር። ሃውንስፊልድ የ1979 የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት የስሌቱን መሠረት ቀደም ብለው ከጣሉት ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊ አለን ኮርማክ ጋር ነው። የሲቲ ስካን ምስል ከተራ ፎቶግራፍ የሚለየው እያንዳንዷ ነጥብ የቁጥር ዋጋ ያላት በመሆኑ ነው። በሃውንስፊልድ ስም በተሰየመው መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ሲሆን፣ አጥንት እንደ ጥንካሬው ከዚያ በላይ ይሆናል።

የዕቅድ ሶፍትዌር የሚጠቀመው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ስላይስ የሚባሉትን ተከታታይ የአግድም ምስሎች ደራርቦ አከርካሪውን በፈለጉት አቅጣጫ ቆርጦ ያሳያል፤ የፔዲክሉን ስፋትና ዘንበል ይለካል፤ በምናብ ብሎን አስገብቶ ግድግዳውን መንካት አለመንካቱን ያመለክታል። በአጥንቱ ውስጥ ያለው የቁጥር ዋጋ ዝቅተኛ ከሆነም የአጥንት መሳሳት ሊኖር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ላይ ከ110 እስከ 135 ባለው ወሰንና ከዚያ በታች የሚገኝ ዋጋ ሐኪሙን ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ምልክት ነው። በሳሳ አጥንት ውስጥ የገባ ብሎን በጊዜ ሂደት ሊላላ ስለሚችል፣ ዕቅዱ ወፍራም ብሎን፣ ተጨማሪ የድጋፍ ቦታ ወይም አስቀድሞ የሚሰጥ የአጥንት ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። እርግጥ ይህ ዋጋ በመሣሪያው ማስተካከያ፣ በጨረሩ የኤሌክትሪክ ኃይልና በደም ሥር በሚሰጥ የንፅፅር መድኃኒት ስለሚለዋወጥ ብቻውን የምርመራ ውጤት ሊሆን አይችልም።

ፊልም ላይ የሚቀረው፣ ከፊልም ላይ የሚጠፋው

በአገራችን ብዙ ታካሚዎች የሲቲ ስካን ውጤታቸውን የሚቀበሉት በፊልም ታትሞ ነው። ፊልሙ በእጅ ይያዛል፣ በመብራት ፊት ተይዞ ይታያል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ለምርመራ የሚሰጠው አገልግሎት የሚናቅ አይደለም። ለብሎን ዕቅድ ግን ሦስት መሠረታዊ ነገሮች ፊልሙ ላይ አይገኙም።

አንደኛ፣ የቁጥር ዋጋው ጠፍቷል፤ የቀረው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፊልም ላይ የሚታተሙት ብዙውን ጊዜ ወፍራም ስላይሶች ናቸው። የአንድ ፔዲክል ቁመት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስላይሱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድልድዩ በሁለት ወይም በሦስት ምስሎች ብቻ ይወከላል፤ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ከአሥር በላይ ምስሎች ይኖሩታል። ከወፍራም ስላይስ የተቀናበረ የሦስት አውታር ምስል እንደ ደረጃ የተሰባበረ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ክፍተቱን በግምት ስለሚሞላው ያማረ ሆኖ ሊታይ ቢችልም ትክክለኛ አይደለም። ሦስተኛ፣ ልኬቱ አስተማማኝ አይሆንም። ፊልሙ በእጅ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ ከቁጥሩም ከልኬቱም የሚተርፍ የለም። እንዲህ ያለ ፎቶ በባለሙያዎች መካከል ለፈጣን ምክክር ሊረዳ ይችላል፤ ከእሱ ላይ የብሎን ውፍረት መለካት ግን አይገባም።

ይህን ችግር ለመፍታት አዲስ መሣሪያ ላያስፈልግ ይችላል። ዘመናዊ ባለብዙ ስላይስ የሲቲ ስካን መሣሪያ ምስሉን ሲያነሣ ስስ መረጃ ይሰበስባል፤ ወፍራሙ ስላይስ የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ስሱን ስላይስ አቀናብሮ ማስቀመጥ ለታካሚው ተጨማሪ ጨረር አያስከትልም። ይሁን እንጂ ጥሬ መረጃው በመሣሪያው ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ ቆይቶ ለአዲስ ታካሚ ቦታ ሲለቅ ስለሚጠፋ፣ ጥያቄው በወቅቱ ካልቀረበ ዕድሉ ያመልጣል። ያን ጊዜ ታካሚው እንደገና መነሣት ግድ ይሆንበታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት የሚያገኘው ጨረር በአማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ሲሆን፣ አንድ የወገብ ሲቲ ስካን በአብዛኛው ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ላይ የድጋሚ ምርመራው ክፍያ፣ የጉዞው ወጪና የተራዘመው ቀጠሮ ይጨመራሉ።

የማከማቻ ቦታ እጥረትም እንደሚታሰበው ከባድ እንቅፋት አይደለም። አንድ ስላይስ ግማሽ ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። 25 ሴንቲ ሜትር የሚሸፍን የወገብ ምስል በ1 ሚሊ ሜትር ስላይስ 250 ምስሎች ወይም 130 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ቴራ ባይት የሚይዝ ዲስክ ከ7,000 በላይ ታካሚዎችን ምስል ያስቀምጣል። ምስሉ ዳይኮም በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚህ ስሙ በወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል ደረጃ እስከተቀመጠ ድረስም የትኛውም አምራች ያዘጋጀው ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል።

ተኝቶ የተነሣ ምስል፣ ቆሞ የሚሄድ ሰው

በሲቲ ስካን ላይ ታካሚው ተኝቷል። አከርካሪ ግን ሸክሙን የሚሸከመው ሰውየው ሲቆም ነው። የተጣመመ ወይም የጎበጠ አከርካሪ ሲተኙ በከፊል ይቃናል፤ ስለዚህ ከሲቲ ስካን ብቻ የሚለካ ጥመት ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት የጥመት ማዕዘን መለኪያ ዛሬም የሚወሰደው ታካሚው ቆሞ ከሚነሣው የሙሉ አከርካሪ ራጅ ነው። ዘንጉ ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት የሚወሰነውም የዳሌው ቅርጽ ከወገብ ቅስት ጋር ያለው ምጣኔ በዚሁ ራጅ ላይ ተለክቶ ነው። ኤም.አር.አይ. በበኩሉ ሲቲ ስካን በሚገባ የማያሳየውን የኅብለ ሰረሰርና የነርቭ ሁኔታ ያሳያል። የተሟላ ዕቅድ እንግዲህ አጥንቱን ከሲቲ ስካን፣ ነርቩን ከኤም.አር.አይ.፣ ሚዛኑን ከቁም ራጅ ይወስዳል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የአከርካሪዎቹ ቆጠራ ነው። አንዳንድ ሰዎች የታችኛው የወገብ አከርካሪያቸው ከዳሌ አጥንት ጋር የተዋሐደ ይሆናል፤ ወይም የዳሌው የላይኛው ክፍል እንደ ተጨማሪ የወገብ አከርካሪ ሆኖ ይታያል። አከርካሪዎችን በራሱ የሚሰይም ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ታካሚ ላይ በአንድ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። የአንድ ቁጥር ስሕተት ማለት ደግሞ ጤነኛውን አከርካሪ መክፈት ማለት ነው። ስለሆነም ቆጠራው በራዲዮሎጂስቱና በቀዶ ሐኪሙ በጋራ ተረጋግጦ በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ይህ ሁሉ ክብደት የሚያገኘው በአገራችን በሚታዩ ከባድ ሕመሞች ላይ ነው። ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጹትና በስማቸው የሚጠራው የአከርካሪ ጉዳት፣ ማለትም የአከርካሪ ቲቢ፣ አጥንቱን እየበላ ጉብጠት ያስከትላል። እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ አማካይ ልክ አይሠራም፤ ፔዲክሉ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ለዓመታት ከባድ የአከርካሪ ጉብጠትና ጥመት ያለባቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ አስተባባሪነት ወደ ጋና ተጉዘው፣ በፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ በተመሠረተው የፎኮስ ሆስፒታል ሕክምና አግኝተዋል። ይህ ተሞክሮ በአፍሪካ ምድር ውስብስብ የአከርካሪ ሕክምና እንደሚቻል አረጋግጧል። ታካሚው ወደ ሌላ አገር ሲጓዝም ሆነ ሕክምናው እዚሁ ሲሰጥ፣ የተሟላ ምስሉ አስቀድሞ በሐኪሞቹ እጅ መገኘቱ የዝግጅቱ ዋና አካል ነው።

ዕቅዱና መጋዘኑ

ሶፍትዌሮች የአምራቾችን የብሎን ዝርዝር በውስጣቸው ይይዛሉ። ሐኪሙ ከዝርዝሩ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ይመርጣል እንበል። በሆስፒታሉ መጋዘን ያለው ግን 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ብቻ ቢሆን ዕቅዱ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ይፈርሳል። በዚያች ሰዓት የሚደረግ ምርጫ ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ደም እየፈሰሰው የሚደረግ ምርጫ ነው። ስለዚህ የዕቅዱ ውጤት በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚቀር ሥዕል መሆን የለበትም፤ ለመድኃኒትና ሕክምና ዕቃዎች ክፍል የሚተላለፍ የዕቃ ዝርዝርም ሊሆን ይገባል። ሆስፒታሉ የበርካታ ወራት ዕቅዶችን ሲያጠናቅር በየትኛው ልክ ላይ እጥረት እንዳለ፣ የትኛውስ ያለ ሥራ መደርደሪያ ላይ እንደቆየ ያውቃል። በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ዕቃ ይህ መረጃ ቀላል ጥቅም የለውም።

ነፃ ሶፍትዌር፣ ከኃላፊነት ነፃ ያልሆነ አሠራር

ያለ ክፍያ የሚገኙ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች አሉ። ከእነዚህ የሚጠቀሰው ስሪ-ዲ ስላይሰር እ.ኤ.አ. በ1998 በቦስተን ከተማ የተጀመረና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ለሥልጠና፣ ለምርምርና የታካሚን አከርካሪ በሦስት አውታር ማተሚያ አትሞ ለመወያየት በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። አዘጋጆቹ ግን ለሕክምና ውሳኔ የተፈቀደ ምርት አለመሆኑን በግልጽ ያስታውቃሉ። የሶፍትዌሩ ነፃ መሆን ተጠቃሚውን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተገኘ ልኬት ለሐኪሙ ሐሳብ ማጎልበቻ እንጂ ለውሳኔው ምስክር ሊሆን አይችልም። በአገራችን የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ለመደበኛ ሕክምና የሚገዛ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ከባለሥልጣኑ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

የታካሚ ምስጢርም ሌላው ኃላፊነት ነው። የዳይኮም ፋይል ምስል ብቻ ሳይሆን የታካሚውን ስም፣ የትውልድ ቀንና የካርድ ቁጥር በውስጡ ይይዛል። ፋይሉ በኢንተርኔት ወደሚሠራ የዕቅድ አገልግሎት ሲላክ እነዚህ መረጃዎች አብረው ይሄዳሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ይመድባል። ስለሆነም ምስሉ ከተቋሙ ከመውጣቱ በፊት መለያዎቹ መነሣት፣ የታካሚውም ፈቃድ መገኘት አለበት።

ከወዲሁ ሊሠራ የሚችለው

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው መደምደሚያ ቅደም ተከተልን የሚመለከት ነው። ሆስፒታሎች የሶፍትዌር ግዥን ከማሰባቸው በፊት ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸውና ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ተግባራት አሉ። ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚላክ ታካሚ ሁሉ በ1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች በሆነ ስላይስ ምስሉ እንዲቀናበር የጽሑፍ መመሪያ ማውጣት፣ ይህንንም በሐኪሙ የምርመራ ማዘዣ ላይ ማስፈር ቀዳሚው ነው። ምስሉን በዳይኮም ማስቀመጥና ለታካሚው በሲዲ ወይም በፍላሽ መስጠት ይከተላል። ከዚያም ራዲዮሎጂስቱ፣ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቱ፣ ቀዶ ሐኪሙና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው በአንድ ዕቅድ ላይ የሚገናኙበት ሳምንታዊ ጉባኤ ይቋቋማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የብሎኖቹ ትክክለኛ አቀማመጥ ከዕቅዱ ጋር ተነጻጽሮ መመዝገብም አለበት፤ የማይመዘን ዕቅድ አይሻሻልምና። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ሕይወት አድን የደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር ያስለመደው የቡድን ሥራና የማረጋገጫ ዝርዝር ባህል ለዚህ ምቹ መሠረት ይሆናል።

ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸውም ድርሻ አላቸው። የአከርካሪ ሲቲ ስካን ወይም ኤም.አር.አይ. የተነሣ ሰው ከፊልሙና ከጽሑፍ ውጤቱ ጋር ዲጂታል ቅጂውን በዕለቱ መጠየቅ፣ በጥንቃቄ ማስቀመጥና ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ይዞ መቅረብ ይጠበቅበታል። ከዚህ በፊት በሰውነቱ ውስጥ ብረት የተገጠመለት ከሆነም ለምስል ባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ብረቱ ምስሉን ስለሚያደበዝዝ የአነሣሡ ሁኔታ መስተካከል ይኖርበታል።

ሶፍትዌር የሐኪሙን እጅ አይተካም፤ እጁ ከመዘርጋቱ በፊት ግን ዐይኑ የሚያየውን ያሰፋለታል። ያን ዕይታ የሚወስነው የሚነሣው ምስል ጥራት ነው። ስለዚህ በአንድ የክልል ሆስፒታል የምስል ክፍል ስሱን ስላይስ አቀናብሮ የሚያስቀምጥ ባለሙያ፣ ከወራት በኋላ በሌላ ከተማ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ላይ ከወዲሁ ተሳታፊ ነው።